ጀርባዬን ሰጥቼ ያነበብኳቸው ደብዳቤዎች

ሌላው ሰው ልጅነቱ በአደይ አበባ ሽታ፣ በአዲስ ቅቤ ሽታ ይመለስለታል። እኔ አልታደልኩም። የኔ የሚመለሰው በናፍጣ ነው።

ባለፈው ዓመት ከደባርቅ ስመለስ ኮሶዬ ላይ ምሳ ልንበላ ወረድን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የመጣንበት አውቶብስ እንኳ የሚታየኝ ግማሹ ብቻ ነው። አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር እጁን በጨርቅ እየጠራረገ መጣና የታጠፈ ወረቀት ዘረጋልኝ። «እናቴ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አድራሻውን አንብቢልኝ» አለ። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው የናፍጣው ሽታ አፍንጫዬን አለኝ። ታምኑኛላችሁ? እኔን የምታክል አሮጊት ሳላስበው ዞር ብዬ፣ ጀርባዬን ለሰውየው ሰጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ምነው እናቴ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?» አለ ምስኪን። ምን ብዬ ላስረዳው? አድራሻውን ነግሬው ምሳዬን ሳልበላ አውቶብስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በአንድ ክረምት ነው። ጣልያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ የምንኖረው ጎንደር አራዳ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ተሰማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ታናሽ እህቱ ስንዱ ከእኛ አጥር ጎን ባለች ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። እኔ እታለም ነበር የምላት። ባሏ ካሳሁን አስመራ ተቀምጦ ወደ ምጽዋ የሚመላለስ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው። ጎንደር የሚመጣው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ዓመት የእታለም ባል ደብዳቤ ነበር።

እታለም ፊደል አልቆጠረችም። አባቴ እንዳያነብላት ደግሞ የባሏን ቃል ከወንድሟ አፍ መስማት ታፍራለች። «ዓይንሽ በህልሜ እየመጣ አስቸገረኝ» የሚለውን አባቴ፣ ያ ኮስታራ፣ በፍርድ ቤት ድምፁ ሲያነብላት ይታያችኋል? ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ገና ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ በንባብ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። ይህን ስናገር አሁንም ደረቴ ይነፋል፤ ምን ላድርግ።

ደብዳቤ ሲመጣ ወግ አላት። መጀመሪያ ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ረጅም ትስባለች፤ ካሳሁን የሚጽፈው ማኪናው ውስጥ፣ መሪው ላይ አስደግፎ ስለሆነ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «መጣ» ትላለች። ከዚያ ዱካዋን፣ ያቺን አጭር መቀመጫዋን፣ ከዱካዬ ፊት ለፊት ታስጠጋና ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን እንቀመጣለን። እኔ ወረቀቱን ሳነብ እሷ ፊቴን ታያለች። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ሳቅሽ! ምን ብሎ ነው? ቶሎ በይ እንጂ አንቺ!» ትለኛለች። አንዳንዴ እኔ ቃሉን ሳልጨርሰው እሷ ቀድማኝ ታለቅስ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አባቴ ከሥራ በጊዜ መጣ። ጓዳ ገብቶ ከእናቴ ጋር ሲንሾካሾክ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ቴሌግራም ደርሶታል። የካሳሁን ማኪና የምጽዋው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ እሱ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል።

«ዛሬውኑ ሰው ሰብስቤ ልንገራት» አለ አባቴ።

«አበድክ?» አለች እናቴ። «ስድስት ወሯ እኮ ነው! ሁለቴ ጨንግፎባት ይሄ ሦስተኛዋ ነው። እርጉዝ መርዶ ይነገራታል? ልጁ ይውጣና፣ ክርስትና ይነሳና፣ ያኔ እንደ ወጉ በሰው አፍ ይነገራታል።»

«ደብዳቤ ሲቀርባትስ? አንድ ሳምንት ሲዘገይ እኮ በር ላይ ቆማ ነው የምትውል።»

እናቴ፣ «እንግዲያው አይቅርባታ» አለች።

አባቴ መጋረጃውን ሲገልጥ አገኘኝ። አልተቆጣኝም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ቁጭ ብሎ ዓይን ለዓይን አየኝና፣ «አስካል፣ ካሳሁን አርፏል። እታለም እስክትወልድ ድረስ ግን ይጽፋል፤ አንቺም ታነቢያለሽ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ካወቀች ልጁ ይሞታል። ገባሽ?» አለኝ።

ገባኝ አልኩ። የገባኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ሲሞት እስከ አርባው ድረስ የተፈቀደለት አንዳንድ ነገር አለ ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ደብዳቤም ከተፈቀዱት አንዱ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ፖስታው የድሮ ነው፤ ጽሑፉን ሳየው ደግሞ የአባቴ እጅ ነው፣ ያቺ አንገቷ የረዘመች «ለ» ሳትቀር። እዚህ ላይ የልጅ አእምሮዬ ያደረገውን ስሙልኝ። «አባቴ ነው የጻፈው» አላልኩም። ካሳሁን እጁ ተቀብሯል፣ ስለዚህ የአባቴን እጅ ተውሶ ጻፈ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እንጀራ ሲቆርስልኝ እጁን እያየሁ መጉረስ አቃተኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። እታለም አሸተተችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «መጣ» አላለችም። ዱካዋን አስጠጋችና ተቀመጠች።

«ይድረስ ለምወድሽ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ስንዱ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ...»

«ደህና ነኝ» የምትለዋ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ቀና ስል እታለም ትኩር ብላ እያየችኝ ነው። ዓይኗ ከግንባሬ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ አገጬ ቀስ እያለ ወረደ። ጉልበቷ ከጉልበቴ ጋር እንደተነካካ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ ተንቀጠቀጠና ቆመ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ዙሪ» አለችኝ።

«የት?»

«ወደ በሩ። እዚህ ጨለማ ነው፤ ለዓይንሽ ብርሃኑ ይሻልሻል። ጀርባሽን ስጪኝና አንብቢ።»

ዞርኩ። ለዓይኔ ማሰቧ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ፊቴን እንዳታይብኝም ጸልዬ ስለነበር እመቤታችንን አመሰገንኩ። ወደ ዝናቡ እያየሁ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ከኋላዬ የትንፋሽ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝና ዞር ብዬ ለማየት ፈራሁ። ስጨርስ «ደግሚልኝ» ብቻ አለች።

ከቤታችን በላይ፣ ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ዳር የስልክ እንጨት ተተክሎ ነበር። የሰፈር ልጆች ጆሯችንን እንለጥፍበታለን። ዝዝዝ ይላል። «ከአስመራ ሰዎች ጋር እያወሩ ነው» እንባባላለን። በዚያ ክረምት ብቻዬን ሄጄ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እንጨቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ ያው ዝዝዝታ ነበር። ቆይቶ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ካሳሁን ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሊያናግረኝ ነው ብዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ፤ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እናቴ በጫማው ገረፈችኝ፤ በቀረኝ አንዱ ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ጉድለቱ ታየኝ። አይሸትም። እታለም በፊተኛው ጊዜ ሦስቴ ያሸተተችው ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ደግሞ ነገር ካደረግሁ አይቀር አሳምሬ ነው! እናቴ ወደ ገበያ ስትወጣ ፋኖሱን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩና የወረቀቱን ጠርዝ ዙሪያውን ቀባሁት። ያኔ ለኔ ላምባና ናፍጣ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይሸታሉ፣ ሁለቱም ይነዳሉ።

እታለም ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ፊቷ ላይ ምን እንደመጣ ዛሬም በቃል ልነግራችሁ አልችልም። ሳቅ ሊሆን ጀምሮ መንገድ ላይ የቀረ ነገር ነበር። የሹፌር ሚስት ናት፤ ላምባን ከናፍጣ አትለይም? ግን እጄን ሳብ አድርጋ ጣቴን አሸተተችና ሳመችው። «ዛሬስ መጣ» አለች። «ዙሪ፣ የኔ ሸጋ።»

በሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። «አያ ተሰማ፣ ድምፁን አሰማኝ» አለችው አባቴን። «ጣልያን በሠራው ስልክ ቤት ሰው ከአስመራ ጋር ያወራ የለም? አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ልስማና ይበቃኛል።» አባቴ መንገዱ፣ ዝናቡ፣ መስመሩ እያለ ሊያመካኝ ሞከረ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ብጫቂ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ከአስመራ ትጠራለች።

ጃንጥላ ይዘን ሽቅብ ወጣን። ስልክ ቤቱ እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ሰው በአግዳሚው ላይ ተደርድሮ ሙታን እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሏል፤ ለኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። «አስመራ! ሁለተኛው ክፍል!» ተባለ። አባቴ ውጭ ቀረ። እታለም እኔን ይዛኝ ገባችና የእንጨቱን በር ዘጋችው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሆዷ ከደረቴ ጋር ተጣብቋል፤ ሕፃኑ ሲራገጥ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ እኔም በእግር ጣቴ ተንጠራራሁ።

ዝዝዝ። ያው የእንጨቱ ድምፅ። ከዚያ ከዝዝታው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንዱ» አለ። «እንደምን ከረምሽ?»

እታለም ዓይኗን ጨፈነች። «ደህና ነኝ። አንተስ? ያለህበት ይበርዳል?»

ዝዝታው በመሃል ገባ። «አይበርድም።»

«ብቻህን ነህ?»

«ሰው አለ» አለ። «ብዙ ሰው አለ።»

«ሸጋ። ይሄው ነው ያሳሰበኝ» አለች። ድምጿ ረጋ ብሏል፤ እናት ልጅን እያስተኛች እንደምታወራው። «እንግዲህ እስክወልድ ብቻ ጻፍልኝ። ሌላ አልለምንህም። ከወለድኩ ወዲያ አላስቸግርህም።»

ሽቦው ውስጥ አንድ ነገር ተነፈሰ። ነፋስ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «እሺ» አለ ድምፁ፣ «ይጻፍልሻል።» ከዚያ ዝዝታው ብቻ ቀረ። እታለም ግን ስልኩን ሳታስቀምጥ፣ ያን ዝዝታ ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው።

ያ ሰው የካሳሁን ባልደረባ፣ እሱም ሹፌር እንደሆነ፣ አባቴ በደብዳቤ ለምኖት እንዳደረገው እናቴ የነገረችኝ ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ ነው። የጉሮሮውን መጥረግ ማን አስተማረው ስላት፣ «ምን ጉሮሮ?» አለችኝ። ያን ቀን ግን ለኔ ካሳሁን ራሱ ነበር፤ ከመቃብር ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ ሽቦ ገብቶ። ስንወጣ አባቴ በጉጉት፣ «ሰማሽው?» አላት። «ሰማሁት፣ አያ ተሰማ። እግዜር ይስጥህ» ብላ ትከሻውን ሳመችው። እኔ ቤት ስንደርስ ትኩሳት ይዞኝ ተኛሁ።

በነሐሴ አባቴ ለሥራ ወደ ጠዳ ወረደና ወንዝ ሞልቶ አስቀረው። የደብዳቤው ቀን አለፈ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። እታለም በር ላይ ዝናቡ እየገረፋት ቆማ ትውላለች። በሦስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ስታጎነብስ አየሁ። ካላነበብኩላት ልጁ ይሞታል። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ፣ ምንም ያልተጻፈበትን፣ አሮጌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ሮጥኩ።

ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ነጩን ወረቀት ዘረጋሁ። «ይድረስ ለምወድሽ...» አልኩ፤ እስከ «ደህና ነኝ» ድረስ በቃሌ የማውቀው ነው። ከዚያ በኋላ አፌ ራሱ ቀጠለ። እኔ አላሰብኩትም፤ በአምላክ ስም እምላለሁ አላሰብኩትም። «ወንድ ከሆነ፣ ሳጥኑ ሥር ባለው ኩታ ጠቅልይው። ጥለቱ ቀዩን፣ ለሰርጋችን የገዛሁትን» አልኩ።

ከኋላዬ የሳጥኑ ክዳን ሲጢጥ አለ፣ ጨርቅ ሲገላበጥ ሰማሁ። ከዚያ የእታለም ጥላ በትከሻዬ ላይ ወደቀ።

«አስካል፣ የኩታውን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ደብዳቤው ላይ አለ።»

«አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ማንበብ ባትችልም ነጭ ወረቀት ነጭ መሆኑን ታያለች። አየችው። ገልብጣም አየችው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ሸጋ ጽሕፈት ነው» አለች።

ኩታው ነበረ። ቀይ ጥለት ያለው፣ ሳጥኑ ሥር፣ ከሰርጓ ወዲህ ለሰው ያልታየ። ምናልባት አንድ ቀን ስትከፍተው አይቼ ረስቼው ይሆናል። ቤተሰቤ ሁሉ እንደዚያ ይለኛል፤ እኔም ቀን ቀን እንደዚያ እላለሁ።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። በዚያው ኩታ ጠቀለለችው። እናቴ እግዚአብሔርን እያመሰገነች ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ እኔ ደግሞ ልጁ እጁን ሲያወናጭፍ ሳይ፣ አላፍርም፣ እንደ ሕፃን ጮኼ አለቀስኩ። አባቴ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይዞ መጣ። እታለም ሳታሸተው፣ «ከነዚያ ጋር አስቀምጪው፣ አስካል። አይነበብም» አለች። «ምነው?» አለ አባቴ ደንግጦ። «እስክወልድ ነበር ያልኩት» አለችና ልጇን ወደ ማጥባቷ ተመለሰች።

ክርስትና ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ እታለም ቤት እንዳድር ላከችኝ። ነገ ማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ አባቴና የነፍስ አባቷ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር መጥተው መርዶውን እንደሚነግሯት አውቃለሁ። እኔ ሕፃኑን እንድይዝ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም ብዬ አልዋሽም፤ ልጅ ነኝና ወሰደኝ።

ስነቃ ጎህ ቀዷል። እታለም ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ፊቷ አዙራ ለብሳለች፤ ሐዘንተኛ የሚለብሰው እንደዚያ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቀስ እያለ የሚረግጥ የብዙ ሰው እግር ይሰማል።

ሕፃኑን አስታቀፈችኝ። በልማዴ ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ በሩ ልቀመጥ ስል፣ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አይሆንም። ዛሬ ወደ እኔ ዙሪ።»

ዱካዋን አስጠጋች። ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው።

«ያን ቀን ወረቀቱ ምንም አልነገረኝም። ፊትሽ ነው የነገረኝ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ፊትሽን ካየሁ ይሞትብኛል፣ ልጄም አብሮ ይሞትብኛል። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስታነቢ ግን ይመጣልኝ ነበር። ያቺ ባዶዋ ወረቀት ላይ ሳይቀር መጣልኝ። እግዜር ያሳድግሽ። አሁን ግን እነሱ ሳይገቡ፣ ዓይኔን እያየሽ፣ በአፍሽ ንገሪኝ።»

እሷ ጠበቀችኝ። ውጭ አባቴ ሲያስል ሰማሁ።

«ካሳሁን ሞቷል» አልኩ።

«መቼ?»

«በሰኔ።»

«አዎ» አለች። «በሰኔ ነው።»

ግንባሬን ሳመችኝ፣ ተነሳች፣ በሩን ከፈተች። አባቴ ጋቢውን አደግድጎ፣ «ስንዱ፣ እህቴ...» ብሎ ሳይጨርስ ጮኸች። አራት ወር አምቃ የያዘችው ጩኸት ነበርና ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሕፃኑ እቅፌ ውስጥ ደንግጦ አብሯት አለቀሰ፤ እኔም እሱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

በዚያ ቀን ማታ፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ አባቴ ደክሞት ግድግዳ ተደግፎ እናቴን፣ «እንኳን በወረቀት አልሰማችው» አላት። «በሰው አፍ ሰማችው።»

እውነቱን ነበር።